የታጠፈችው ትንሿ ጣት

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ከሰላምታ የሚቀድም ነገር የለምና በእሱ ልጀምር። እንደምን ከርመሃል? ቤትህ ደህና ነው? ልጆች ካሉህ ልጆችህስ? ክረምት በገባ ቁጥር ደረትህን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አዲስ አበባም ተከትሎህ ሄደ? ጣትህ መዳኗን እንኳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ሌላ የሚያማኝ የለም። ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣ ብሎ ሰው ቀይ ቡናውን የሚያሰጣበት ፀሐይ አጥቷል። ከማጠቢያ ጣቢያው የሚወርደው ውሃ ሽታ ያው እንደ ድሮው ኮምጣጣ ነው። በነፋስ ወደ ከተማ ሲመጣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ከአሁን በፊት ጽፌልህ ስለማላውቅ የእጅ ጽሑፌን አታውቀውም። ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። ቴፒ በእርሻው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ከመድረኩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጅ እጅህን ታይ የነበረችው የግምጃ ቤት ጠባቂው ልጅ ነኝ። መጀመሪያ በቴሌግራም ጽፌልህ ነበር፤ «ይህ የጃዝ ጊታር ትምህርት በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ከፍሎ ለመማር ያዋጣል ወይ?» ብዬ። ወዲያው «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ የመመዝገቢያው አድራሻ ከታች ይገኛል» የሚል መልስ መጣልኝ። አንተ እንዳልሆንክ ገባኝ። አንተ እኔን «እርስዎ» ብለኸኝ አታውቅም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት፤ ኢዮሲያስ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእጅህ ያደርስልኛል።

ኢዮሲያስ ማን ነው ትል ይሆናል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ትምህርት የሚያስተምር ጨዋ ሰው ነው። ያንተም ተማሪ ነው፤ አታውቀው ይሆናል እንጂ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው በእሱ ነው።

ከመናኸሪያው ከፍ ብላ አንዲት ሱቅ አለችኝ። መጀመሪያ ካሴት እቀዳባት ነበር፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽ። አሁን ሰው ዘፈኑን ከስልኩ ስለሚያገኝ የሚያኖረኝ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ነው። ሙዚቃ ሊያስጭኑ የሚመጡት የአይሱዙ ሹፌሮችና ወደ ማጂ የሚመለሱ ነጋዴዎች ብቻ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለማ። ጊታሬ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ተሰቅላለች። ሰው ሲጠፋና ዝናብ ሲመጣ አወርዳታለሁ። ያቺው የክበቡ ጊታር ናት። ክበቡ ሲዘጋ ዕቃው ለጨረታ ወጣ፤ እሷ ጠያቂ ስላጣች አባቴ ይዞልኝ መጣ። ወፍራሙ ክር ያኔ አንተ ያሰርከው የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። አሁን ተቀይሯል።

አንተ ከሄድክ በኋላ አስተማሪ አላገኘሁም። ዘፈን ስቀዳ ጊታር የምትሰማበትን ቦታ ደጋግሜ እያስጀመርኩ፣ ጣቴን በክሮቹ ላይ እየጎተትኩ ፈለግኩ። አንድ ጊዜ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ወረቀት ላይ የኮርድ፣ ማለት ጣት ክሩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ፣ ሥዕል አግኝቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። ግማሹ እርጥበት በልቶት ስለነበር የቀረውን በግምት ሞላሁት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የተማርኩት። ጎበዝ ነኝ አልልህም። ግን ሲከፋኝ እጄ የሚሄድበት ቦታ ነበረኝ።

ኢዮሲያስ በኢንተርኔት በክፍያ የምታስተምረውን ትምህርትህን በኮምፒውተሩ ይዞ መጣና፣ ስልኩ ስለሞላ ቴፒ ካምፓስ ሲሄድ የሚያየው በፍላሽ እንድጭንለት ጠየቀኝ። እስኪጫን ስንጠብቅ፣ በነፃ ከሚታዩት አንዱን «እስኪ ይህን እዪው፣ እትዬ፤ መምህሩ ድሮ ቴፒ ሠርቶ ያውቃል አሉ» ብሎ ከፈተልኝ። ካሜራው የሚያሳየው እጅ ብቻ ነበር። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት፣ ፊትህንም ሳላይ፣ በእጅህ አወቅኩህ። አውራ ጣትህን ከጊታሩ አንገት በላይ አውጥተህ እንደ ሰነፍ ተማሪ ታስተኛታለህ። አልተውካትም።

ያን ጊዜ ሐፍሳም ነበረች። ሐፍሳ ጎረቤቴ ናት፣ ከጅማ ወገን፤ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ በእሷ ሱቅና በእኔ መካከል ያለው ግድግዳ የሌለ ያህል እያወራን እንውላለን፤ ማለቴ እሷ ታወራለች። የሆነች ሙሽራ ቀሚስ ፎቶ ልታሳትም መጥታ ቆመች። ያኔ ነው ያን ታሪክ የተናገርከው።

ምን እንዳልክ አንተ ትረሳው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። «ቡና እርሻ ላይ አንዲት ልጅ አውቅ ነበር» አልክ። «ትንሿን ጣቷን አጥፋ ነው ጊታር የምትመታው። ጣቷ ደህና ናት፤ አጠፈቻት እንጂ። ከቁርጥራጭ የሚማር ሰው እንዲህ ነው፣ ጉድለቱን ከሙያው አይለየውም። ያለ አራተኛ ጣት፣ ያለ ትንሿ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ጃዝ የለም። ለዚህ ነው ሥርዓት ያለው ትምህርት የሚያስፈልጋችሁ።» ከዚያ ሳቅክ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ለምን እንደነካኝ እንጃ።

ሐፍሳ መቀሷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ቡና እርሻ ላይ ስንት ልጅ አለ አልኳት። «ጣቷን አጥፋ ጊታር የምትመታስ ስንት አለች?» አለች። ኢዮሲያስ እጄን አየ፤ እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አደረግኩ። «ማስታወቂያ ሆነሽ ቀረሽ እኮ የኔ እህት» አለች፤ «የፀጉር ቅባት የሚያስተዋውቁት እንኳ ይከፈላቸዋል።» ኢዮሲያስ ደንግጦ፣ ስም እኮ አልጠራም፣ ለትምህርት ብሎ ነው ያነሳው አላት። «አንተ አፈርህን አስተምር» አለችው።

እሱ ሲሄድ፣ ኮፒው ኮምፒውተርሽ ላይ ይቅር፣ ብትፈልጊ በነፃ ታዪዋለሽ አለኝ። ያየሁት ነፃውን ብቻ ነው፤ የቀረውን አጠፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዘፈን ስቀዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያንተን ግን መስረቅ አልሆነልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ በውስጤ ይመላለስ ጀመር። ከፍዬ ልማር ወይስ ልተወው? ኢዮሲያስን ስጠይቀው ያዋጣል አለ፤ ለዓመታት ብቻውን ሲታገልበት የነበረው ነገር እዚያ ሥርዓት ይዞ እንደጠበቀው፣ ስሕተቱን ልኮ የሚያርመው ሰው እንዳገኘ ነገረኝ። ለእሱ ልክ ነው። ሲጫወት ሰምቼዋለሁ፤ ተለውጧል። ሐፍሳ ግን፣ «ለልጁ ይሁንለት። አንቺ ምንሽን ነው የምታስተካክዪው? ለሰርግ አትጫወቺ፣ ለቤተ ክርስቲያን አትጫወቺ። የምትጫወቺው ለእኔና ለዝናቡ ነው። እኔ አልከሰስኩሽ፣ ዝናቡም አልከሰሰሽ» አለችኝ። ሳቅኩኝ፤ ግን መልስ አልሆነኝም። ገንዘቡም ቢሆን ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ያንተን ትምህርት ከገዛሁ፣ እስከዛሬ የያዝኩት ሁሉ ስሕተት ነበር ብዬ መፈረሜ ነው። ሌላ ብዙ የያዝኩት ነገር የለኝምና ፈራሁ።

ያን ጊዜ የነበረውን ታስታውሳለህ? እኔ እንደማስታውሰው ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ።

አንተ የመፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ሆነህ ከአዲስ አበባ መጣህ። እኔ ከሴቶቹ ጋር የተበላሸ ፍሬ እለቅም ነበር። አመሻሽ ላይ ክበቡ ይከፈታል። ያቺን ጊታር ከግምጃ ቤት ያወጣሃት አንተ ነህ፤ ቁልፉን ከአባቴ ለምኜ የሰጠሁህ ደግሞ እኔ። ልባስ የሌላት፣ ግማሿ ላይ ስብከት የተቀዳባት አንዲት ካሴት ነበረችህ፤ ስብከቱ ሲያልቅ ጃዝ ይመጣል። «ይህ ሙዚቃ ሐሳቡን አይጨርስልሽም፤ አንቺው ጨርሺው ብሎ ይተውልሻል» ያልከኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ለቀማው ሲጦፍ ማሽኑ ትንሿን ጣትህን ያዛት። የክሊኒኩ ድሬሰር በእንጨት ደግፎ በፋሻ ጠቀለላት። ሰው ሁሉ ጊታሩ ቀረ ብሎ ሲያዝን አንተ በማግስቱ በሦስት ጣት መጣህ። እኔ የተማርኩት ያኔ ነው። እጅህን ከፋሻው ጋር አየሁት፤ ሌላ እጅ አላየሁም።

ያቺን ስም የሌላት ዜማችንን የሠራነውም በዚያው ሰሞን ነው። መጨረሻዋ ላይ አንድ ድምፅ ነበረች፣ ትንሿ ጣት ብቻ የምትደርስባት። ያንተ አትደርስም። ስለዚህ እዚያች ቦታ ስትደርስ እጅህን ታቆምና በአፍህ ታንጎራጉራት ነበር። ሰው ይህን ወደደው። በሸኮኛ የሚያወራው፣ በቤንችኛ የሚያወራው፣ ከካፋ የመጣው ለቃሚ፣ ቃል የላትምና ሁሉም ያውቃት ነበር፤ እዚያች ቦታ ስትደርስ ክበቡ በሙሉ አብሮህ ያንጎራጉራል። የጄነሬተሩ ድምፅ እንኳ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ጣትህ አመረቀዘችና ለሕክምና አዲስ አበባ ላኩህ። ፋሻህ እንዳለ በእርሻው መኪና ጋቢና ተሳፈርክ። «ጣቴ ሲድን እመጣለሁ» አልከኝ። እኔም በጄ አልኩ።

በኋላ አገባሁ። ባሌ ዓባይነህ ይባል ነበር፤ ሹፌር ነበር፣ ደግ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና። ማታ ማታ ሲመጣ ጫማውን እያወለቀ ጊታሬን ይሰማል። አንድ ቀን «እዚያች ቦታ ስትደርሺ ሁልጊዜ ለምን ታንጎራጉሪያለሽ?» አለኝ። ዘፈኑ እንደዚያ ነው አልኩት። «እንግዲያው ጥሩ ዘፈን ነው» አለኝ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

በነፃ ከሚታዩት ትምህርቶችህ የመጨረሻው ስለ ትንሿ ጣት ነው። ሐፍሳ በዓል ልታከብር ጅማ ስትሄድ ተደብቄ ሞከርኩት። እምቢ አለችኝ፤ እንደ ደረቀ የቡና ቅርንጫፍ ናት፣ ብትጎትታት የምትሰበር እንጂ የምትዘረጋ አትመስልም። አንተ እንዳልከው ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ ክሩ ላይ አለማመድኳት። ትምህርትህ ትክክል ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ጥቂት ሳምንት ሄዶ አንድ ከሰዓት ያቺን ዜማ ጀመርኩ፣ መጨረሻዋ ጋ ስደርስ ትንሿ ጣቴ ሄዳ ደረሰችበት። ድምፁ ከክሩ ወጣ። እኔ ላንጎራጉር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምሞላው ነገር አልነበረም።

ጊታሩን ሰቀልኩና የአንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አደረግኩ። በግልባጩ ነበር ያደረግኩት፤ ሰውዬው ተቆጣኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሐፍሳም ለማንም አልነገርኩም። በትምህርትህ ላይ ልጅቷ ያላወቀች አስመስለህ ተናግረሃል። ልጅቷ ታውቅ ነበር። አንተ ከሄድክ በሁለተኛው ዓመት ሚዛን ሆቴል ቤት በቴሌቪዥን አንድ ሰው ጊታር ሲመታ አየሁ፤ አራቱም ጣቶቹ ይሠራሉ። ቤት ገብቼ ጣቴን ዘረጋኋት፣ ክሩን ነካሁበት። ከዚያ መልሼ አጠፍኳት። ያንተ ገና አልዳነችም ብዬ ነበር የማስበው።

ስለዚህ ከፍሎ መማሩ ያዋጣል አያዋጣም እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። የወሰንኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ የወሰንኩበትንም ምክንያት አንተ ታርመኝ እንደሆነ እንጃ።

በዚያው በመጨረሻው ትምህርት ላይ አንድ መልመጃ ትጫወታለህ። ስሟን «መልመጃ» ብለሃታል እንጂ ያቺው ዜማችን ናት። በአራት ጣት፣ በደንብ በተሠራ ጊታር፣ አንዲት ድምፅ ሳትጎድል ትጫወታታለህ። ቅዳሜ ዕለት በኢንተርኔት ስከፍተው፣ ከሥሩ ተማሪዎችህ የጻፉትን አስተያየት አየሁ። አንዱ «መጨረሻው ላይ ድምፁ ውስጥ የሆነ ጉርምርምታ ይሰማል» ይላል። ሌላውም «እኔም ጋ አለ፣ ያስቸግራል» ይላል። አንተም «ይቅርታ፣ የማይኩ ችግር ነው፤ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ማይክ እንጠቀማለን» ብለህ መልሰሃል።

እኔ ኑሮዬ ድምፅ ማጥራት ነበር። የማይክ ችግርን አውቀዋለሁ፣ የኮረንቲንም፣ ያረጀ ካሴትንም። ለደንበኛ የማላውሰውን ጥሩውን ማዳመጫ አውጥቼ አደረግኩት። ሐፍሳን ዝም በይ አልኳት፤ ዝም አለች፣ እንዲህ ብያት ስለማላውቅ። ደጋግሜ ሰማሁት። ማይክ አይደለም። ጣትህ ቦታዋን በትክክል ይዛለች፣ ክሩም የሚገባውን ድምፅ ሰጥቷል፤ አንተ ግን ከሥሩ ታንጎራጉራለህ። ቀስ ብለህ፣ አፍህን ሳትከፍት። የምታደርገውን የምታውቀው አይመስለኝም።

ሐፍሳ ፊቴን አይታ «ምን አለሽ?» አለችኝ። ምንም አላለኝም አልኳት።

በዚያው ቀን ኢዮሲያስን በስልኩ እንዲያስመዘግበኝ ጠየቅኩት። በራሴ ስም ነው የተመዘገብኩት፤ ስሜን በዝርዝሩ ላይ ታገኘዋለህ። ብታገኘው በሰው ፊት ሰላም አትበለኝ። እንደ ማንኛውም ተማሪ አስተምረኝ፣ ስሳሳት አርመኝ፣ በትንሿ ጣቴም አትዘንላት፤ መማር የምትችል መሆኗን አይቻለሁ። ጃዝን እውነቴን ነው የምፈልገው። ከስብከቱ በኋላ የምትመጣዋን ያቺን ሙዚቃ ያለ ሰባኪ እስከ መጨረሻዋ መስማት፣ ከተቻለም መጫወት እፈልጋለሁ። ያቺን ዜማ ግን በሦስት ጣት እተዋታለሁ። በዚህች ላይ አታርመኝ።

የልጅቷንም ታሪክ አውጣው አልልህም። ብቻ ስትናገረው፣ ከማን እጅ አይታ እንዳጠፈቻት ጨምርበት። ተማሪዎችህ ይሳቁ፤ ግድ የለኝም።

አንድ የምለምንህ ነገር አለ፤ ሌላ ለምኜህ አላውቅም። ማይኩን አትቀይረው። አዲሱን ገዝተኸው ከሆነም ለሌላ ሥራ ይሁንህ።

እግዚአብሔር እጅህን ይጠብቅልህ፣ ደረትህን ከብርድ ይጋርድልህ፣ ቤትህን በሰላም ይሙላልህ። ደብዳቤውን ላደረሰልህ ሰው ሻይ ጋብዘው፤ ያፍራል እንጂ ብዙ የሚጠይቅህ አለው።

የመጀመሪያዋ ተማሪህ